ያልተሰማ ክፍያ

ሐሙስ መጋቢት አራት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ወንድሜ የሞተው ሰኞ ነው፣ የቀበርነው ማክሰኞ። ስልኩን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነበር። ለምን እንደምሰካው የጠየቀኝ የለም። የመጣው መልእክት ከልብስ ሰፊው ነው። የባንክ ስክሪንሾት፣ ከሥሩ ደግሞ «የመጋቢትን ከፍያለሁ። ደርሶኛል በለኝ።»

ልብስ ሰፊውን አውቀዋለሁ። የወንድሜን ሬሳ ሳጥን ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ሞቷል» ብዬ ጻፍኩለት።

«አውቃለሁ እህቴ፣ ተሸክሜው የለ እንዴ» አለኝ ወዲያው። «ነፍሱን ይማርልን። ግን የእኔ ተራ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ደርሶኛል ካልተባልኩ ጠረጴዛው ጋ አያስጠጉኝም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

እየጻፈ እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት መጣ፣ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ። «የየካቲቱ ድምፁ እኔ ጋ አለ። ለስልኩ ልላክለትና አንቺ መልሰሽ ላኪልኝ።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ። ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በተጨማሪም የሰፈራችን የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ ገንዘብ ያዥ። ክለቡ ያለው በአሮጌ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። አባላቱ ከእሱ ሌላ ሃያ ሁለት ናቸው፤ ጠረጴዛው ግን አንድ። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ሳይሸጥ በቀረ የቀን መቁጠሪያ ክምር ተደግፏል። በዚያ ጥግ ነጥብ የተቆጠረበት ሁሉ «እኔን ያሸነፈኝ ያለፈው ዓመት ነው» ይላል።

መዋጮው በፊት በእጅ ነበር የሚሰበሰበው። ከአራት ዓመት በፊት ሁሉም ስልክ ሲይዝ ግሩፕ ተከፈተ፤ ገንዘቡን በባንክ ታስተላልፋለህ፣ ስክሪንሾቱን ትልካለህ፣ አለቀ። አላለቀም። ልብስ ሰፊው አንዱን ስክሪንሾት ቀኑን ከላይ እየቆረጠ አምስት ወር ላከው። መቀስ ልማዱ ነው። ሲነቃበት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራና አንቀጽ ሰባት ወጣ፦ «ክፍያ ተፈጸመ የሚባለው በገንዘብ ያዡ ድምፅ፣ ከገንዘብ ያዡ ስልክ፣ ለአባሉ ደርሶኛል ሲባል ብቻ ነው። ያልተሰማ ክፍያ ክፍያ አይደለም።»

ወንድሜ አንቀጽ ሰባትን የራሱ ልጅ ያህል ወደደው። መጀመሪያ የባንክ ሂሳቡን ያያል፤ ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ በግሩፑ ሳይሆን በግሉ፣ «ደርሶኛል» ይለዋል። ያረፈደውን ይቆጣል፤ በጊዜ የከፈለውን ያመሰግናል። ስልኩ ትንሽ ስለነበረ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ የላከውን ሁሉ ከራሱ ላይ ይሰርዛል፣ የሰዓት ሆድ እንደሚጠርግ። አባላቱ ግን አይሰርዙም። ደረሰኛቸው ነዋ።

ስልኩን ከቀብር እንደተመለስን ከፍቼው ነበር። ባዶ ነው። እኔ ጋ ደግሞ የወንድሜ ድምፅ የለም። አሥራ አምስት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ፣ እሱ በፊተኛው ክፍል ከሰዓቶቹ ጋር፣ እኔ ከኋላ ስንኖር ምን ብሎ በስልክ ያናግረኛል? ምሳ ሲደርስ ከወጥ ቤት እጠራዋለሁ፤ እሱም «መጣሁ ትንሿ» ይላል። ከእሱ ሌላ ትንሿ የሚለኝ የለም፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከቀብሩ በኋላ የቀረኝ ፍላጎት አንድ ብቻ ነበር። ያችን ቃል በእሱ አፍ አንድ ጊዜ መስማት።

ለዚህ ነው ልብስ ሰፊውን «ላከው» ያልኩት።

ላከው። ስምንት ሴኮንድ። መጀመሪያ የሰዓቶቹ ቷ ቷ ይሰማል፤ ከዚያ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደርሶኛል። ዘንድሮ በመቀስ አልተነካም፣ በርታ።» ከዚያ ከሩቅ የእኔ ድምፅ፦ «ምሳ!» ወንድሜም «መ» አለ። እዚያ ላይ ጣቱን አነሳ፤ ተቆረጠ።

ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። መልሼ የላክሁለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ተባረኪ፣ ደረሰኝ» አለኝ። ደርሶኛል የተባለ ሰው፣ ደርሶኛል መባሉ እንደደረሰው ነገረኝ ማለት ነው።

ወሬው በግሩፑ ሳይዞር አልቀረም፤ ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሰዎች በራችንን አንኳኩ። ሊቀመንበሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ እና መረብ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ደወል የሚጠብቅ ይመስላል። መረብ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የመታው ኳስ ሁሉ መረብ ላይ ስለሚቀር ስሙ ያ ሆነ። እናቱም እንደዚያ ሳትለው አትቀርም።

«የመጣነው» አለ ሊቀመንበሩ፣ «አንደኛ ለማጽናናት ነው።»

ተጽናናሁ አልኩ።

«ሁለተኛ ስለ አንቀጽ ሰባት።»

«ሕጉን አሻሽሉታ።»

«ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል።»

«ጥሩት።»

«ሕግ የሚሻሻለው የከፈለ አባል በሙሉ ሲገኝ ነው። ከፈለ የሚባለው ደርሶኛል የተባለ ነው። በዚህ ወር ከዚህ ከልብስ ሰፊ በቀር ደርሶኛል የተባለ የለም።» መነጽሩን አወለቀ። «ስለዚህ ዛሬ ክለቡ ያለው አንድ አባል ነው። እሱም ይሄ ነው።»

ልብስ ሰፊው ኮቱን አስተካከለ።

«አዲስ ገንዘብ ያዥስ አትመርጡም?»

«ማን ይመርጣል? እሱ ብቻውን?»

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

«አንተ ዝም በል፣ ሕጉ በአንተ ምክንያት ነው የወጣው» አለው መረብ።

«ታዲያ እናንተ ምንድን ናችሁ?» አልኩት ሊቀመንበሩን።

አሰበበት። «እኛ ለጊዜው ሐዘንተኞች ነን።»

ከዚያ ያሰቡትን ነገሩኝ። ሕጉ «በገንዘብ ያዡ ድምፅ» ይላል እንጂ «በሕይወት ባለ ገንዘብ ያዥ» አይልም። ሲረቀቅ ሞት አልታሰበም። ልብስ ሰፊው እንዳደረገው ሁሉም የድሮ ድምፁን ለስልኩ ይልካል፣ እኔ መልሼ እልካለሁ፣ አባልነት ይመለሳል፣ ጉባኤ ይጠራል። ሊቀመንበሩ ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ እኔም አልሳቅሁም።

«እሺ፣ ግን እያንዳንዱ ስልኩን ይዞ ይምጣ» አልኩ። «አራት ዓመት ሙሉ የተባለውን ሁሉ ሳልሰማ አንድም አልልክም።»

«ሁሉን ለምን?»

«ትክክለኛውን ለመምረጥ።»

እኔ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ካርድ ከመደርደሪያ መፈለግ ነው ሥራዬ፤ ከአርባ ሺህ ካርድ መሃል አንድ አጥቼ አላውቅም። አንዲት ቃል አጣለሁ ብዬ አልገመትኩም።

ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ በኋላ ሁለትም ሦስትም ሆነው ይመጡ ጀመር። በፊተኛው ክፍል፣ በወንድሜ የሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ደረደርኩ። ስልካቸውን ይሰጡኛል፤ እኔ ከመጀመሪያው ወር ጀምሬ አዳምጣለሁ፤ እነሱ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው የላቦራቶሪ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቃሉ።

ለመላክ ቀላል የመሰለኝ ነገር ቀላል አልሆነም። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት የለበሰ ስልክ ሰጠኝ፤ አንዱን መርጬ ልልክለት ስል እጄን ያዘ።

«እሱን አይሆንም! የኅዳሩ ነው። በኅዳር አርፍጄ ነበር፣ ተቆጥቶኛል። አሁን ግን በጊዜ ነው የከፈልኩት። ያልተቆጣኝን ላኪልኝ።»

የየካቲቱን ላክሁለት፦ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ።» ሰምቶት «አዎ፣ ይገባኛል» አለ።

የጥርስ ሐኪሟ የሚስቅበትን ፈለገች። «የነሐሴው ነው እትዬ፣ እዚያ ላይ ይስቃል፤ የነቀልኩለት መንጋጋ ቦታው ይሰማኛል።» ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የታኅሣሡን ከፍቼ የወንድሜ ሳል ሲሰማ ብድግ አለ። «ኧረ በናትሽ! ጉንፋን ይዞታል። ታሞ አይሥራ፣ ሌላ ፈልጊ።»

እኔም ፈለግሁ። ለእነሱ እየመረጥኩ ለራሴ እፈልግ ነበር። ወንድሜ ሒሳብ የሚሠራው ቅዳሜና እሑድ፣ ምሳ ሲቃረብ ስለነበረ፣ በአብዛኛው ድምፅ መጨረሻ ላይ እኔ አለሁ። «ምሳ!» እላለሁ። «ኧረ በረደ!» እላለሁ። አንድ ጊዜ «እኔ አልጠብቅህም» ብያለሁ። ወንድሜ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ የክለብ ነገር ከቤት ነገር እንዲቀላቀል አይፈልግም። እኔ ከመናገሬ ጣቱን ያነሳል። «መ»፣ «መጣ»፣ አንዴ ብቻ «መጣሁ ት»። ከዚያ ዝም። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ የሃያ ሰው ስልክ፣ ዘጠኝ መቶ ያህል ደርሶኛል አዳመጥኩ። የሁሉም ገንዘብ ደርሶታል። ለእኔ የደረሰ የለም።

ሁለት ስልክ ቀረ። የመረብና የሊቀመንበሩ። መረብ ጭነት ይዞ ወጥቷል፤ «ሰኞ እመጣለሁ» ብሎ ነበር፣ ሰኞ አልመጣም። ማርፈድ ልማዱ ነው፤ መዋጮም ሲከፍል እንደዚያው ነው።

ሊቀመንበሩ ቅዳሜ መጋቢት ሃያ ቀን ብቻውን መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስልኩን ሰጠኝ። ከወንድሜ ጋር የተጻጻፉትን ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ሊቀመንበሩ የጻፈው መመሪያ ሞልቷል። ኳስ ይገዛ። አምፖል ይቀየር። የድምፅ መልእክት ግን የለም። ተመልሼ ከታች ወደ ላይ ሄድኩ።

«የለም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ደርሶኛል የለም።»

«እንዴት ይኖራል?» አለ ቀስ ብሎ። «ከፍዬ አላውቅማ።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ሊቀመንበርን ማን ይጠይቃል? መጀመሪያ ረሳሁ። በሦስተኛው ወር አፈርኩ። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ብከፍል አለመክፈሌ ሊታወቅ ሆነ።»

«ወንድሜስ?»

«በየወሩ መጨረሻ ይመጣና ያየኛል። ምንም አይለኝም። እጄን ይጠይቀኛል፤ ሰዓቴን ይፈታና ደቂቃዋን አስተካክሎ ይመልስልኛል። ከዚያ ይሄዳል።» እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን አሳየኝ። አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታለች። «አየሽ? በሦስት ሳምንት ውስጥ።»

እጅጌውን ሰዓቷ ላይ መለሰ።

«አሁን ግን ይብቃ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላው ነበር። ያልከፈለ አባል አይደለም፤ አባል ያልሆነ ጉባኤ አይመራም። ስለዚህ አንቀጽ ሰባት የወጣበት ጉባኤ ጉባኤ አልነበረም። አንቀጽ ሰባትም የለም። ነገ በግሩፑ እጽፋለሁ። ሰዎቹም እየመጡ አያስቸግሩሽም፣ አንቺም ታርፊያለሽ።»

እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። አንቀጽ ሰባት ከሌለ መረብ ለምን ብሎ ይመጣል? ስልኩን ለምን ይሰጠኛል? መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ስልክ ይጥላል፣ ይሰበርበታል፣ ይቀይራል። በዓለም ላይ ያልሰማሁት የወንድሜ ድምፅ ያለው በእሱ ኪስ ውስጥ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ መረብ እስኪመጣ ይቆዩልኝ» አልኩት።

«መረብ ምን ይጨምራል?»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አርባ አንድ ዓመት የሆናት ሴትዮ ትንሿ መባል ናፈቀኝ ብላ እንዴት ትናገራለች? የወንድሜን ስልክ አነሳሁና የዳቦ ጋጋሪውን የየካቲት ላክሁለት።

የሊቀመንበሩ ስልክ ጮኸ። ከፈተው። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» አለ ወንድሜ።

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ደግሞ ከፈተው።

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«ያመሰገነው እኔን ነው?»

«የማንንም ስም አልጠራም።»

ሦስተኛ ጊዜ ሰማው። ከዚያ ተነስቶ ወጣ፤ ባርኔጣውን ረስቶት ሄደ። ወንድሜ በሕይወቱ ያልተቀበለውን ገንዘብ ደርሶኛል ብሎ አያውቅም። ሞቶ በዋሸ ጊዜ አፉ የእኔ ነበር። አልጸጸትም ብል ውሸት ነው። ግን በማግስቱ በግሩፑ ምንም አልተጻፈም።

መረብ የመጣው በሚቀጥለው እሑድ ነው፣ መጋቢት ሃያ ስምንት፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ በቅባት እጁ።

«ሰኞ እመጣለሁ አላልክም?»

«የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልተናገርኩም።» ስልኩን ወረወረልኝ። «ስሚ፣ የእኔ ሁሉም ስድብ ነው። ልብሽ ይችላል?»

እውነቱን ነበር። ለመረብ የተላከ ባዶ ደርሶኛል የለም። «አንተ የሰው ቆሻሻ፣ ደርሶኛል።» «ደርሶኛል፣ በኤሊ ጭነህ ነው እንዴ የላክኸው?» መረብ አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዱን ከመጀመሩ በፊት በቃሉ ይለዋል፣ ደስ ብሎት። የባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ስደርስ ርዝመቱን አየሁ። አራት ደቂቃ ከአሥር።

«እሱ ተበላሽቷል» አለ መረብ። «ስድቡ አንደኛ ነው፣ ከእሱ በኋላ ሰዓት ብቻ ነው የሚሰማው። ሁሌም እዚያ ላይ አቆመዋለሁ።»

ከፈትኩት።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ወሩ በአንተ ምክንያት አይራዘምም። ደርሶኛል። ኳስህም እንደ ገንዘብህ አርፍዶም ቢሆን አንድ ቀን መረቡን ያልፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።» ከዚያ እኔ፦ «ምሳ!»

አልተቆረጠም። ጣቱ ተንሸራቶ ይሁን፣ ስልኩ መቅዳቱን ቀጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ኳ አለ፤ የሰዓቶቹ ድምፅ ቀረበ።

«መጣሁ ትንሿ» አለ ወንድሜ። «እጄን ልታጠብ።»

ወንበር ተጎተተ። ውሃ ፈሰሰ። ቀጥሎ ሰዓቶቹ ብቻ፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ከወጥ ቤት የእኛ ንግግር። ቃሉ አይለይም። ሰሃን ይነካካል። እሱ አንድ ነገር ይላል፤ እኔ እስቃለሁ፣ በጣም፣ እስኪያስለኝ ድረስ። ምን ብሎኝ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አላስታውስም።

መረብ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መሬቱን እያየ «እኔ ሰዓት ብቻ መስሎኝ» አለ።

«ለእኔ ላክልኝ» አልኩት። ላከልኝ።

«ለአንተስ የቱን ልላክ?» አልኩት ፊቴን ከጠረግሁ በኋላ።

«ስድቡን ነዋ። ያለ ስድብ ከመጣ እሱ አይደለም።»

ጉባኤው በማግስቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በምድር ቤቱ ተጠራ፤ ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። የሊቀመንበሩን ባርኔጣ ይዤለት ሄድኩ። ስሰጠው «እኔ ጨርሻለሁ፣ አሁን ቢናገሩ አይከፋኝም» አልኩት በጆሮው። በቴኒስ ጠረጴዛው ጎን፣ መሃሉ ላይ ቆሞ ነበር፤ መረቡን እንደ ሰው ትከሻ በእጁ ያዘ።

«ከአጀንዳው በፊት» አለ፣ «እኔ አራት ዓመት ከፍዬ አላውቅም።»

መጀመሪያ የተናገረው ልብስ ሰፊው ነው። «አራት ዓመት ሙሉ!» አለ። «እኔን አራት ዓመት ሙሉ ሌባ ስታስብለኝ!»

«አንተማ ነህ» አለው መረብ።

«ነኝ፤ ግን ብቻዬን መስሎኝ!»

ሰው ሁሉ በአንድ ላይ መናገር ጀመረ። አንቀጽ ሰባት ወጥቶ ያውቃል አያውቅም በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ሄደ። መጨረሻ ላይ የለም ተብሎ ተወሰነ፤ ቀጥሎም ገንዘብ ያዥ እንምረጥ ተባለ። ልብስ ሰፊው እጁን አወጣ፤ ማንም አላየውም። ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ «ገንዘብ ያዥ አለን አይደል እንዴ?» አለ። «ሥራ መልቀቂያ አስገብቷል?»

«አላስገባም» አለች የጥርስ ሐኪሟ።

«ስልኩስ ይሠራል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሠራል» አልኩ።

ድምፅ ተሰጠ። ሊቀመንበሩ አባል ስላልሆነ አልመረጠም። ወንድሜ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ተመረጠ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ልብስ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ ናቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ አስጽፏል፦ «ሰውየው ይረፍ።»

ሊቀመንበሩ የአራት ዓመቱን መዋጮ ሰኔ ሁለት ቀን በአንድ ጊዜ ከፈለ። ስክሪንሾቱ የወንድሜ ስልክ ላይ አለ። እስካሁን ደርሶኛል ያለው የለም።